ልክ የመጣው ፓራፋንጎ

ዊልማ አንዴ ተናግራለች፤ "ያ ተጎታች ቤት ደግሞ ጭራውን ከወዘወዘብኝ፣ ወርጄ እህቴ ፌይ ዘንድ እሄዳለሁ። መቼ እንደምመለስ ደግሞ አትጠይቁኝ።" ዊልማ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። በጸደይ ወራት ተጎታቹ ተወዛውዞ ቦይ ውስጥ ከከተታቸው ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ባሏ ቨርሊን ግን የቧንቧ በያጅ ነውና፣ ሥራው በሄደበት ሁሉ ቤታቸውን እየጎተቱ መከተል ግድ ነው።

ስለዚህ ልጃቸው ኬንድራ አባቷ የዚያን ጠዋት የሠራው ቀልድ አላማራትም። ብዙም አላማራትም፣ ማለት ይሻላል።

ቨርሊን ተጎታቹን ከፒካፑ ጋር ከመግጠሙ በፊት የፒካፑ የፊት ፓራፋንጎ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለካ። የተጎታቹ አፍ ከፒካፑ ኋላ ባለው የመጎተቻ ኳስ ላይ ሲያርፍ የፒካፑ ቂጥ ቁጢጥ አለ፣ ፊቱም ሰማይ ሰማይ አየ። መላው የታወቀ ነው፤ ሁለቱን የክብደት ማከፋፈያ ዘንጎች ከኳሱ ሥር መሰካት፣ በክሪክ ከፍ ማድረግ፣ ሰንሰለታቸውን ስቦ መቆለፍ። ያኔ ዘንጎቹ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማ ይገፉታል፣ ፓራፋንጎውም ወደ ቦታው ይወርዳል።

አልወረደም።

"የኳሱን ራስ ማዘንበል አለብህ፣ አባ። ቡሎኖቹን ፈትተህ። ያኔ ዘንጎቹ የበለጠ ይገፋሉ።"

"በዚህ ንፋስ? አንቺ ትፈቺዋለሽ?"

"ክንድ ያለህ አንተ ነህ። ለኔ የተሰጠኝ ምላስ ብቻ ነው።"

"እሱንማ ማን ያላወቀ አለ!"

ቨርሊን ሳቀና ግራ ቀኙን አየ። ዊልማ ልብስ ማጠቢያው ቤት ናት። የመበየጃ ሳጥኑንና ጄነሬተሩን ከተጎታቹ ፊት አንስቶ ወደ ኋላ፣ አልጋው ግርጌ ወሰዳቸው። ኬንድራም የቆርቆሮ ምግቡን ካርቶን ተሸክማ ተከተለችው፤ ምን እየሠሩ እንደሆነ ልቧ እያወቀው። እንደገና ለኩ። ፀጉር ታህል ሳይዛነፍ ልክ መጣ!

ዊልማ ቅርጫቷን ይዛ ስትመለስ ባሏን አልጠየቀችም። የጠየቀችው ልጇን ነው።

"ወረደ?"

"ልክ ወርዷል፣ እማ። ከፈለግሽ ለኪው።"

"አንቺ ካልሽኝ ይበቃኛል።"

ውሸት የለበትም፣ አለች ኬንድራ በሆዷ። ሆዷ ግን አልተቀበላትም።

ከሮሊንስ ከተማ ወጥተው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ንፋሱ ከጎን መጣ። አንድ የጭነት መኪናም ገፍትሯቸው አለፈ። ተጎታቹ መጀመሪያ እንደሚያንጎላጅ ሰው ዘመም አለ። ቀጥሎ ወዲያ፣ ቀጥሎ ወዲህ፣ በየጊዜው እየባሰበት ሄደ። ጎታቹ ተጎታች ሆነ።

"ፍሬን እንዳትረግጥ!" ጮኸች ዊልማ።

ቨርሊን የፒካፑን ትቶ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ ከመሪው ሥር ባለው እጀታ ጨምቆ ያዘ። እንደምንም ቀጥ አለ። ነዳጅ ማደያው ጋ ደርሰው ቆሙ።

ዊልማ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች። ሳጥኑን አየች፣ ጄነሬተሩን አየች። ማንም አላስረዳትም፤ ኋላው የከበደ ተጎታች አፉ ይቀልና መለኪያውን ልክ ያመጣዋል፣ መንገድ ላይ ግን ይወዛወዛል።

"ማን ነው ያዞረው?"

"እኔ ነኝ" አለ ቨርሊን። "ልጅቷ አታውቅም።"

"ካርቶኑን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እማ።"

ዊልማ አልጮኸችም። መጮህ ነበር የሚሻለው። ዕቃውን ሁሉ ወደ ፊት አስመለሰች፣ ቡሎኖቹን አስፈታች፣ የኳሱን ራስ አስዘነበለች፣ ሰንሰለቱን አስሳበች፤ ስልኳንም አንስታ ከማደያው ጥግ ደወለች። ፓራፋንጎው አሁን በእውነት ወረደ። ኬንድራ ደስ ብሏት የፒካፑን በር ስትከፍትላት እናቷ ሻንጣዋን አወረደች።

"ተስተካከለ እኮ!" አለ ቨርሊን።

"ተጎታቹማ ተስተካከለ። እናንተን በምን ልለካችሁ?"

ፌይ መጥታ ወሰደቻት። ቨርሊን ፒካፑን አስነሳ።

"ስንደርስ ደውዪላትና በሰላም ገባን በያት።"

"አንተ ደውል" አለች ኬንድራ። "እኔን ምን ብላ ታምነኛለች?"