የታመመው ላንድሮቨር

አምሳሉ እናቱን ለጥር ሃያ አንድ መርጡለ ማርያም አደርሳለሁ ብሎ ቃል ከገባ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እናቱ እማማ ወለተ ሐዋርያት ለእመቤታችን የተሳሉት ጃንጥላ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሟል። ከቤታቸው እስከ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በባጃጅ ቅርብ ነው፤ አውቶቡስም ሞልቷል። አምሳሉ ግን በአባቴ ላንድሮቨር ካልሆነ ብሎ ሙጭጭ አለ።

ላንድሮቨሩን አባቱ ለወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲነዱት ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በጨረታ የገዙት ነው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጓሮ ቆሞ ዶሮ ሲያስፈለፍል ኖረ። አምሳሉ የመብራት ዕቃ ሱቅ አለው፤ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ ስለሚሸጥ የመኪና መብራት ያቅተኛል ብሎ አላሰበም። ጋራዥ ውሰደው ያለውን ሁሉ እንደ ደመኛ ያየዋል። በመጀመሪያው ዓመት አይጥ የበላውን ገመድ በጣጥሶ ጥሎ አዲስ ዘረጋ። ሲጨርስ ክላክሱን ሲነኩት ፍሬቻው ይበራል፣ ፍሬቻውን ሲነኩት የዝናብ መጥረጊያው ይወዛወዛል። ሁለተኛው ዓመት ይህን ሲፈታና ሲቋጥር አለቀ። መጥረጊያው በመጨረሻ አደብ ገዛ፤ ክላክሱ ግን እንደ ልቡ ሆነ።

«እማማ በአውቶቡስ ቢሄዱ ኖሮ ሁለቴ ተሳልመው ይመለሱ ነበር» ትላለች ሚስቱ ሔዋን፣ ልብሱ ላይ ያለውን ግራሶ እያሸች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የእማማ ጉልበት ከክረምቱ ወዲህ ከዳቸው፤ ከአልጋ እስከ ደጃፍ በምርኩዝ ሆነ። የንስሐ አባታቸው ከሩቅ ያመጡላቸውን ጸበል በቢጫ ጀሪካን ራስጌያቸው አስቀምጠው ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን ይቀቡታል። ዘንድሮ ካልሄዱ ለከርሞ እንደማይሄዱ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። አምሳሉም ፈራ። ፍርሃቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ቢያጣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ሰልባቲዮ አውርዶ ዝገቱን እየፋቀ ያጥብ ጀመር። ቱቦውን በአፉ እየነፋ አጸዳ፣ ካርቡሬተሩን ፈታ፣ ካንዴላዎቹን ለወጠ። ድረስ የሚባለው ባለባጃጅ ጓደኛው ሰልፍ ውሎ ካገኘው ቤንዚን አካፈለው። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተሩ ተነሣ። ሔዋን እንኳ ሳትወድ በግድ ሳቀች።

በዋዜማው ጠዋት ሊሞክረው ቁልፉን ሲያዞር ግን ላንድሮቨሩ ሳል ሳል አደረገውና ቀጥ አለ። አምሳሉ ከሰልባቲዮው ሥር በባዶ ሃይላንድ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ።

ስልኩን አንሥቶ ድረስ ላይ ወረደበት።

«አንተ ይሁዳ! ለእናቴ መንገድ ውሃ ቀላቅለህ ትሰጠኛለህ?»

«ባጃጄ በዚያው ቤንዚን ነው ሰው ጭና የምትሄደው፤ ምን ነካህ?» አለ ድረስ።

አምሳሉ ገና ስድቡን ሳይጨርስ እናቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከደጃፍ ተናገሩ።

«የሰው ልጅ አትስደብ። እኔ ነኝ።»

«ምን አንቺ ነሽ?»

«ጸበል ያጠጣሁት ነዋ! ይህን ያህል ዘመን የተኛ ሕመምተኛ ጸበል ሳይቀምስ እንዴት መንገድ ይወጣል? በማለዳ፣ በምርኩዜ እየተጎተትኩ ጓሮ ወርጄ፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ ሰጠሁት።»

አምሳሉ ሃይላንዱን መሬት ላይ ሊደፋ ሲል ደግሞ ጮኹበት።

«እንዳታደርገው! ጸበል እግር በሚረግጠው ይደፋል?»

ስለዚህ በሰልባቲዮው የነበረው ሁሉ በባልዲ እየተቀዳ፣ በክብር፣ አጥሩ ሥር ካለው ጌሾ ግርጌ ፈሰሰ። አምሳሉ ድረስን ይቅርታ ጠየቀ፤ ድረስም ሆዱን ይዞ እየሳቀ ሌላ ቤንዚን አመጣ። ያን ዕለት አምሳሉ ሰልባቲዮውን እንደገና አውርዶ አደረቀ፣ ካርቡሬተሩን እንደገና ፈታ። አመሻሽ ላይ ሞተሩ ተነሥቶ አልጠፋም አለ።

እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ጸበሉ ነው!» ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ጌሾው ጠውልጎ ሲገኝማ ያልማለ አልነበረም፤ በሽታው ከመኪናው ወጥቶ እሱ ላይ አርፏል። አምሳሉ በገነ። ያ ሁሉ ዓመት የተላጠው ጣት የሱ፣ ምስጋናው የጀሪካኑ! ውሃና ቤንዚን እንደማይስማሙ ላገኘው ሁሉ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሰማው የለም።

እናቱን ደግፎ ሊያሳፍራቸው ሲል እግራቸው አልነሣ አለ። ታቅፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው።

«እማ፣ ለጉልበትሽ የመጣው ጸበል ተረፈ?»

«ጠብታም የለ። ሁሉንም ለሱ ሰጠሁት።»

«ምነው? ላንቺ አልነበር የመጣው?»

«እኔማ ብድን በአውቶቡስም እሄድ ነበር» አሉ ጃንጥላውን ጭናቸው ላይ እያስተካከሉ። «አንተ ግን እሱ ካልዳነ የምትድን አልመሰለኝም።»

አምሳሉ ዓይኑን በግራሶ እጁ ጠረገና መሪውን ያዘ።

መንገድ ላይ፣ ቁይ ከተማ ትንሽ ሊያሳርፋቸው ሲቆም አንድ ሽማግሌ ላንድሮቨሩን ዞረው ዞረው አዩት።

«ይህን የመሰለ አሮጌ! ማን ጠገነው ልጄ?»

አምሳሉ አፉን ከፈተ። የገመዱን፣ የሰልባቲዮውን፣ የካርቡሬተሩን ታሪክ ሊጀምር ነበር። ወዲያው እናቱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያሹ አያቸው።

«ጸበል ጠጥቶ ነው የዳነ፣ አባቴ» አለ። ሊሰናበታቸውም ክላክሱን ነካው፤ ፍሬቻው በራ።