አንድ ስንዝር የሚበረው ጀግና

ሒሳብ ሠራተኛው ምንም አላደረገም። የፎቁ ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ጋኑ ጎን፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ቆመ፤ በቃ። ፊቱ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፊት ነበር። መምህርቷ ግን ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የፊልሙን ድምፅ የሚቀዱት አዛውንት፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ኮስታራ ሰው፣ ማዳመጫቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ። ዝም ቢል ይታወቅበታል። ጥርሱ እየሳቀ አንጀቱ ግን እርር ድብን አለ።

ቢያርርም አይፈረድበትም። በሰፈሩ ቀልድ ማለት እሱ ነው። ጎፈሬው ያላደገ ሰው እንኳ ሰበብ ፈልጎ እሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ምላጭ አገጩ ላይ እያለ በሳቅ ሲንፈራፈር «ኧረ ተው፣ ታርደኛለህ!» ብሎ ይቆጣዋል። ቀልድ የት እንደሚጀመር፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚለቀቅ እንደ መቀሱ ያውቀዋል። ይኼ ሰውዬ ግን ምንም አያውቅም። ሲስቁበት ደንግጦ «ምነው፣ አጠፋሁ?» ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደ አዲስ በሳቅ ይፈርሳሉ።

የፊልሙ ሐሳብ እኮ የእሱ፣ የፀጉር አስተካካዩ ነበር። ኃይላቸው ለራሳቸው እንኳ የማይበቃ ጀግኖች ተሰባስበው ሰፈር ሊጠብቁ ይነሣሉ። መምህርቷ የምትጫወታት ሴት ነቢይት ናት፤ ችግሩ የምትተነብየው ትናንት የሆነውን ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ከዓይን ይሰወራል፤ ማንም የማያየው ሲሆን ብቻ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ደግሞ «ስንዝር» ነው። ይበራል፤ ግን ከመሬት አንድ ስንዝር፣ ከዚያ በላይ ቢሞት አይነሣም።

ካሜራውን የያዘችው፣ ቀረጻ ሲጀመር «ተነሣ»፣ ሲያበቃ «ቁም» የምትለው ታናሽ እህቱ ናት። ከፎቁ ሥር ፎቶ ቤት አላት። እናታቸው የሞቱት ገና ሕፃን እያለች ስለነበር ያሳደጋት እሱ ነው፤ ማታ ማታ ስታለቅስ ትራስ ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ድስት ደፍቶ፣ የጎረቤቱን አነጋገር እየቀዳ ዝም ያሰኛት ነበር። ስትስቅ ትንፋሿ ተቆርጦ፣ ከአፍንጫዋ የሚወጣ አንድ ቀጭን ድምፅ ነበራት። ያንን ድምፅ የራሱ ንብረት አድርጎ ነው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው። ሒሳብ ሠራተኛው ሲመጣ ግን ድምፁ ባለቤት ቀየረ።

አመጣጡም ቢሆን ያናድዳል። የሚሰወረውን ጀግና ሊጫወት የነበረው ሰው ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በዚያው ሰሞን ጣሪያው ላይ ሲዘሉ፣ ከታች ካለው ቢሮ አንድ ሰው «ይቅርታ፣ እዚህ ላይ የሚንጎደጎደው ምንድን ነው?» ሊል ወጣ። በሩ ላይ ቆመ። እህቱ ካሜራዋን አዙራ «እንዳትንቀሳቀስ!» አለች። ሰውየውም የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነውና አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኑ ሁሉ እነሱ ጋር ነው።

የመሰወሪያ ካባውን ሲለብስማ ጭራሽ መቅረጽ አልተቻለም፤ ያየው ሁሉ ይስቃል። በመጨረሻ እህቱ ሕግ አወጣች። ግራጫው ካባ ሒሳብ ሠራተኛው ትከሻ ላይ ካረፈ፣ ካሜራ ይነሣ አይነሣ፣ ማንም አያየውም፣ አያናግረውም፣ አይመልስለትም፤ እሱም እስኪያወልቀው አይናገርም። ሕጉ ሠራ። ሻይ ሲታደል እንኳ እሱን ዘልለው ያድላሉ። እሱም አንድም ቀን ቅር ሳይለው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቃል። ሕጉን ከሁሉም በላይ የወደደው ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

ዛሬ የመጨረሻው ትዕይንት የሚቀረጽበት ቀን ነው። የአንድ ልጅ ኳስ ውሃ ጋኑ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። ጀግኖቹ ሁሉ ሞክረው ያቅታቸዋል። በመጨረሻ ስንዝር ጋኑ ላይ ተንጠራርቶ፣ ጣቱ ሊነካው አንድ ስንዝር ሲቀረው ይበርና ኳሱን ያወርደዋል። ፀጉር አስተካካዩ ይህንን ሲያልም ነው የከረመው። እዚያ ላይ ሰው እስኪያለቅስ ይስቃል፤ እህቱም ያችን ቀጭን ድምፅ ታወጣለች።

ፀሐይዋ እስክትበርድ እየጠበቁ ሳለ እህቱ ክንዱን ይዛ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ።»

«እኔ? መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

«ኳሱን እሱ ቢያወርደው ብዬ ነው። ሁሉም በእናንተ ላይ አፍጥጦ ሳለ፣ እሱ ማንም ሳያየው ሄዶ ያወርደውና አጠገባችሁ ያስቀምጠዋል።» ቶሎ ቶሎ ነበር የምታወራው፤ ፊቷ በርቷል። «ማታ ሳስበው ብቻዬን ሳቅኩ እኮ።»

ብቻዬን ሳቅኩ ያለችው ነገር ሆዱ ገባ። «ያንቺ ፊልም አይደል፣ እንዳሻሽ» አለ። በልቡ ግን ይቆጥር ጀመር። አባት የሆነላት እሱ፤ ጭንቅላቱን ጨምቆ ታሪኩን የወለደው እሱ። አሁን በመጣ ሰው ተቀየረ፤ ያውም ቀልድ በማያውቅ ሰው።

ሲመለስ ሒሳብ ሠራተኛው ካባውን ለብሶ ጋኑ ሥር ቆሟል። መምህርቷና አዛውንቱ በሕጉ መሠረት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረዋል። እህቱ ከደረጃው ቤት ግድግዳ ጥግ ካሜራዋን እያስተካከለች ነው። ፀጉር አስተካካዩ ከካባው ለባሽ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከደረጃው ቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመ። አንደበቱ የተፈታው በዚህ መሐል ነው።

«እኔ የምለው፣» አለ ለመምህርቷ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያ የሒሳብ ሠራተኛ ዛሬ አልመጣም አይደል? እሰይ። በሌለበት እናውራው።»

መምህርቷ ፈገግ አለች።

«እናንተ አስቂኝ ነው ትላላችሁ። አስቂኝ አይደለም፤ የሚያሳዝን ነው። ሰው ሲጨንቀው ይስቅ የለ? ይኸው ስንት ጊዜ የዕረፍት ቀኑን እዚህ ሲውል፣ አንድ ሰው ደውሎ የት ጠፋህ ብሎት ያውቃል? ቤቱ ሲገባ ማን መጣ የሚል ያለው ይመስላችኋል? እህቴ አንስታ እዚህ ባታቆመው፣ ከዚህ ፎቅ ሥር እየሠራ መሞቱን እንኳ የምናውቀው ሲሸተን ነበር። ካባ ለምን እንደሚያለብሱት ነው የማይገባኝ። ሳይለብሰውስ መቼ ይታያል!»

የመጨረሻውን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ቀልድ ለመምሰል የጀመረው ነገር መሐል ላይ ከእጁ እንዳመለጠ ራሱ ሰማው። ዞሮ ማየት ፈለገ፤ ሕጉ አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕግ ሲደበቅ ምንኛ ይመቻል!

ከዚያ መምህርቷ በሳቅ ፈነዳች፤ አዛውንቱም ተከተሉ። ወዲያው ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ያች ትንፋሽ የተቆረጠባት ቀጭን ድምፅ ከአፍንጫ ወጣች።

«ጋሼ!» አለች እህቱ። «ምን አባህ ነው የሠራኸው? ና እይ!»

ካሜራው ሲቀዳ ኖሯል። ተዋንያን እንዳይደነግጡ ብላ ቀይ መብራቱን በፕላስተር መሸፈኗን፣ በልምምድ ሰዓትም አንዳንዴ እንደምትቀዳ ያውቃል፤ ግን ማን ያስታውሳል! ሄዶ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አየ። ራሱን አየ፦ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ከንፈሩ ደርቆ። ከበስተጀርባው ሒሳብ ሠራተኛው ቆሟል። ቃሉ አንድ በአንድ ሲያርፍበት አይናገርም፤ ካባ ለብሷልና። «መቼ ይታያል» የሚለው ላይ ሲደረስ ጫማውን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን አንሥቶ የካባውን ማሰሪያ አንገቱ ላይ ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረገው።

በዓይናቸው ጠርዝ አይተውት ኖሯል፤ ሰዉን በሳቅ ያፈረሰው ይህ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ መጀመሪያ የተሰማው ቅናት ነው። እንዴት ያለ ሰዓት ጠበቀ! ምን ያህል አሳጠረው! ሃፍረቱ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ሲመጣ ግን ጆሮው ድረስ አጋለው።

«ፊልሙ እዚህ ላይ ያልቃል» አለች እህቱ ቀስ ብላ። አሁን አትስቅም። ወንድሟን እያየችው ነው፤ ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዘው ታየው እንደነበረው። «ኳሱም ይቅር። እንዲህ ስትሆን አይቼህ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ቀልድ እንዳልነበረ ገብቷታል። «አጥፊው» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ይህን ጊዜ አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ።

«አልሆነም፣ ልጄ። ውሃው መጥቶ ጋኑ መሙላት ጀምሮ ነበር፤ ጩኸቱ ግማሹን ቃል በልቶታል። አሁን ቆሟል፤ ይደገም።»

ይደገም! አንዴ ያመለጠውን ነገር አስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ሰው ፊት ይበለው? ባይለው ደግሞ መምህርቷ ምን ሆነሃል ትላለች፤ እውነት ነበር ማለት ነው። እግሩን እየጎተተ ወደ ቦታው ሄደ።

ሒሳብ ሠራተኛው ካባውን አውልቆ ክንዱ ላይ አጥፎታል።

«የቅድሙን ነው የምትለው?» ሲል ጠየቀ።

«ያው… እሱን።»

«ጥሩ ነው። አልተሳሳትክም፤ የሚደውል የለም።» እንደ ሥራ ጉዳይ ነበር የተናገረው። «አንድ ነገር ብቻ። ቅድም ግድግዳውን እያየህ ነው ያልከው። አሁን እኔን እያየህ በለው።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን እኔ አከብራለሁ።»

ካባውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ከዚህ በኋላ አይናገርም። እህቱ «ተነሣ!» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። ከካባው በላይ ያለውን ፊት በቅርበት ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከቀኝ ጆሮው በላይ ፀጉሩ ተጎራርዷል፤ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ በራሱ የቆረጠው ነው። አገጩ ሥር ምላጭ የነካው ቁስል አለ። ዓይኑ ወዲያም ወዲህም አይልም፤ አፍጥጦ ይጠብቃል።

«ይሄ ሰውዬ…» ብሎ ጀመረ። መምህርቷ ትስቅ እንደሆነ ብሎ ጆሮውን ጣለ። አልሳቀችም። እህቱም «ቁም» አላለችም።

«አንተ…» አለ።

ሰውየው እጁን ወደ ማሰሪያው አነሣና፣ ሊያጠብቀውም ሊፈታውም ቀጣዩን ቃል እየጠበቀ፣ ሳይነካው አየር ላይ አቆየው።