ባሕሩን ብቻ ያሳያት ሰው

በፍቃዱ ዲላ በገባ በአራተኛው ቀን ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። የሚሳፈርበት ጉዳይ አልነበረውም። ቤት ሲቀመጥ እግሩን ይበላዋል፤ ሲወጣ ደግሞ ለምን እንደወጣ ይጠፋዋል።

አሥራ አራት ወር አንታልያ በምትባል የቱርክ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኖሯል። ከዚያ በፊት ከዲላ ወጣ ብሎ ኢዲዶ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቀማሽ ነበር፤ አንዴ ፉት ብሎ ቡናው ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ የሚናገር። ዝናውን የሰማ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ የቱርክ ድርጅት ቀጠረው። ዘመድ አዝማዱ «ባሕር ዳር ሊንፈላሰስ ነው» እያለ ሸኘው። ሚስቱ ሩሃማ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ቪዛዋ ሲመጣ ልትከተለው ተስማምተው ተለያዩ።

ከተማው አልከፋበትም። የከፋበት ማንም የማይሰነብትበት መሆኑ ነው። በሙቀቱ ወራት ጎረቤቱ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ሰላምታ የለመደው ሰው በማግስቱ ሻንጣውን እየጎተተ ይሄዳል። ብርዱ ሲመጣ ሆቴሎቹ ይዘጋሉ፣ የባሕር ዳሩ ጃንጥላዎች ይታጠፋሉ፣ ድመቶቹና እሱ ይቀራሉ። ዳቦ ሻጩ ዓመት ሙሉ ሲያየው ከርሞ «መቼ ነው ወደ አገርህ የምትመለሰው?» ይለዋል። በፍቃዱ ሦስት ቤት ቀያየረ። ከሥራ ሲወጣ ዳርቻውን ይዞ ጉልበቱ እስኪዝል ይሄዳል። ሩሃማ ስትደውል ግን ካሜራውን ወደ ባሕሩ ያዞረዋል።

«ሲያምር!» ትላለች።

«ያምራል» ይላል።

አሁን የመጣው ለሁለት ሳምንት እረፍት ነው። በልቡ ግን ላይመለስ ቆርጧል። ለእሷ መንገሩ ነው ያቃተው።

በማግስቱ በሞተር ኢዲዶ ወጣ። የቡና ለቀማው ተጧጡፏል። የቀድሞ አለቃው አቶ ኃይለኢየሱስ ከማድረቂያው አልጋ ላይ የተበላሸ ፍሬ እየለዩ ነበር።

«ጋሼ፣ ቦታዬን ሰው ይዞታል?»

ቀና ብለው አዩት። «ምነው፣ ባሕሩ ደረቀ?»

«እኔ ነኝ የደረቅኩት።»

አቶ ኃይለኢየሱስ አልሳቁም። «ሰኞ ና። ሩሃማ ግን ታውቃለች?»

«ዛሬ እነግራታለሁ።»

ቤቱ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ሶፋውን ተሸክመው ሲወጡ አገኘ። ሩሃማ ከኋላቸው ብቅ አለች፤ ፊቷ በርቷል።

«ሶፋውን ለጎረቤታችን ለሀጅራ ሰጠኋት፤ እንድታስታውሰን ብዬ። ቪዛዬ መጣልኝ እኮ! የሥራ መልቀቂያዬንም ዛሬ አስገባሁ። ጉናይዲን!» አለች፣ ከስልኳ በለቀመችው ቱርክኛ «እንደምን አደርክ» ለማለት።

መቀመጫ ስላልነበረ በቆመበት ተናገረ። «ሩሂ፣ እኔ አልመለስም።»

ሁሉን ዘረገፈላት፤ ዳቦ ሻጩን፣ ሦስቱን ቤቶች፣ ያለ መድረሻ የሚሄደውን መንገድ። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ባሕር ስታሳየኝ» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ቀን ካሜራውን ወደ ራስህ አዙረህ ‹ከፋኝ› ማለት አቃተህ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ...»

«እኔስ ላንተ ብዬ ብቻ የምሄድ መሰለህ? አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ክፍል፣ እዚያው ምዕራፍ! እኔም መቀመጥ አቅቶኛል። ካንተ በቀር እረፍት ያጣ ሰው የለም?»

ነጠላዋን አንስታ ጪጩ ከተማ የምትኖር እህቷ ዘንድ ሄደች። ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችም። በፍቃዱ ባዶው ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ፣ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠይቋት እንደማያውቅ ገባው። አፈረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በር ላይ ጠበቃት።

«አብረን እንሂድና አንድ ዓመት እዚያ እንሞክር» አላት። «ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው፤ ሲከፋኝ ከፋኝ እላለሁ።»

«እኔም ካልተመቸኝ ሶፋዬን አስመልሳለሁ» አለች፤ ሳትወድ ሳቋ መጣ።

ሰኞ ኢዲዶ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። አቶ ኃይለኢየሱስ «ለሚቀጥለው ለቀማ ቦታ አልይዝልህም» አሉት። አልፈረደባቸውም።

አንታልያ አብረው ከገቡ ስምንት ወር ሆናቸው። ሩሃማ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከከተማው ዳር ቲማቲም በሚለማበት የመስታወት ቤት ሥራ አገኘች፤ ጥፍሯ ሥር አፈር ይዛ እየዘፈነች ትገባለች። ከተማውን ወዳዋለች። እሱ ገና ነው። አንዳንድ ቀን ከሥራ መልስ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ይቆማል።

«ዛሬ ከፍቶኛል» ይላል።

«ብቻህን ትሄዳለህ ወይስ ልምጣ?» ትለዋለች።

አንዳንዴ ብቻውን ይሄዳል።