የአራሷ ጋቢ

ጽጌ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ የባህል ልብስ ሱቅ የከፈተችው የእናቷን የለተሥላሴን እጅ ተማምና ነው። የለተሥላሴ ፈትል ሲዳሰስ ይታወቃል። እናቷ በምትኖርበት ገጠር፣ በጉና ተራራ ሥር ካለው ዘመድ የእሷን ጋቢ ሳይደርብ የተሞሸረ፣ ሳትለብስ የታረሰች የለም። ሸጣ ግን አታውቅም።

«ይሄስ ለማን ነው?» አለች እናቷ፣ የመጀመሪያውን ባዘቶ ስትቀበል።

«ለገዛው ነዋ!»

«የገዛው ስም የለውም?»

ጽጌ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክሩ እየተበጠሰ፣ እንዝርቱ እየወደቀ አስቸገራት። «የምፈትልለትን ሰው ካላወቅሁ እጄ አይሄድልኝም» አለች፣ እንደማፈር ብላ። ደንበኞች ደግሞ በስልክ ይነዘንዛሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጽጌ ዋሸች።

«ለአንዲት አራስ ነው። እመቤት ትባላለች፤ የእብናት ሰው ናት። ወንድ ልጅ ከወለደች ሳምንቷ ነው።»

«ምነው እስካሁን ዝም አልሽ? ለአራስማ!»

ፈትሉ እንደ ጸጉር ቀጠነ። እናቷ እየፈተለች ያላየቻትን እመቤትን ታወራታለች፤ ጡትሽን ወተት ይሙላው እያለች ትመርቃታለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ለሕፃኑም ትለምንለታለች። ጽጌ ከከተማ በመጣች ቁጥር «ሳቀ?» ትላታለች።

«ሳቀ» ትላለች ጽጌ።

ፈትሉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የሕፃኑ አርባ ቀን ደረሰ።

«ክርስትናው እሑድ አይደል? እሄዳለሁ። የገንፎ እህል አስፈጭቻለሁ። ጎረቤታችን ይርጋ ደብረ ታቦር ድረስ በበቅሎው ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አለ።»

«እማ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«አንቺ ጅዳ ስትሄጂ መች ሩቅ ነው አልኩሽ?»

ጽጌ መውጫ አጣች። «ልጁ አርፏል» አለች።

ምን እንዳለች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እናቷ እንዝርቱን አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ «ክርስትና ሳይነሳ!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ፈንታነሽ ንፍሮ ይዛ ገባች።

«ማን ነው የሞተው?» ይባባላል ሰዉ።

«የጽጌ ወዳጅ ልጅ ነው አሉ፣ እብናት።»

«ውይ! ገና አርባው ነበር'ኮ።»

ቤቱ ሞላ። ጽጌ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እማ፣ እመቤት የምትባል ሰው የለችም። ልጅም የለም። እጅሽ እንዲሄድልሽ ብዬ ነው።»

ለተሥላሴ ልጇን እንደ እንግዳ ሰው አየቻት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን የለመንኩት ለማን ነው?»

ጽጌ የእናቷን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«እማ...»

«ዝም በይ። ሰው አዝኖልኝ መጥቷል፤ አታዋርጂኝ።»

እናቷ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። የአሁኑ ልቅሶ ድምፅ አልነበረውም። ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ «አይዞዎት፣ የሰጠ እሱ፣ የነሳም እሱ» ስትላት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ፈንታነሽ ወደ ጽጌ ዞረች።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ።»

ሰዉ ሁሉ ያያታል። «አሜን» አለች ጽጌ።

በዚህ መሃል ሌላ ሴት ለቅሶ ልትደርስ ገባች። ለተሥላሴ ፈቀቅ አለችና በራሷና በልጇ መካከል ቦታ ለቀቀችላት።