በድንኳን የተገመተው ዋርካ

ሥራዬ ለዛፍ ዋጋ ማውጣት ነው። መንገድ ሊሰፋ ሲል ሜትርና ቅጽ ይዤ ቀድሜ የምደርሰው እኔ አጥናፉ ነኝ። አቮካዶ ከሆነ በፍሬው፣ ባሕር ዛፍ ከሆነ በአጣናው ይሰላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሳሰላ ጉልበቴም ልቤም ዝሏል።

ባለፈው ሰኔ አፍንጮ በር፣ እማማ ሸፊቃ ግቢ ገባሁ። ቤታቸውን መንገዱ አይነካውም፤ የሚነካው የግቢውን ጠርዝና እዚያ የቆመውን ትልቅ ዋርካ ነው። ዋርካ ደግሞ ለገማች ጣጣ ነው። ፍሬውን የሚገዛ የለም፣ እንጨቱ ለቤት አይሆንም። ምን ብዬ ልጻፍ?

እማማ ሸፊቃ ወንበር ሰጥተው ነገሩን አጫወቱኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈሩ እድር ድንኳን ገዝቶ አያውቅም። የሞተ ሁሉ የሚለቀሰው ከዋርካው ሥር ነው፤ ክረምት ከሆነ ቅርንጫፉ ላይ ሸራ ይወጠራል። እሳቸው ባላቸውን፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገነነም እናታቸውን ያለቀሱት እዚያው ነው።

«ልጄ፣ ዋጋውን ባዶ ተወው» አሉኝ።

አውቀው ነው፤ ጋሽ ገነነ ደንቡን ጠይቀው ነግረዋቸዋል። በእኛ ቢሮ ዋጋ ያልተገኘለት ንብረት ወደ ስብሰባ ይመራል። ነዋሪው ይጠራል፣ ይጠየቃል፣ የመንገዱ መስመር ትንሽ ዞር ሊልም ይችላል። ዋጋ የወጣለት ግን ይከፈልበትና ይነሳል።

እኔ ደግሞ አንጀቴን በሉት። ባዶ ብተወው ስብሰባው ላይ ጥቅም የለውም ብለው በነጻ ይጥሉባቸዋል ብዬ ሰጋሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደክሞኝም ነበር። ስብሰባው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ፊርማ ማሳደዱ ገና ሳስበው ሰለቸኝ። አምስት ኪሎ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳሰላስል ብልሃት መጣልኝ። ዋርካው ድንኳን ተክቶ ከኖረ ዋጋው የድንኳን ነዋ! ፒያሳ ወርጄ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ ድንኳን ከነወንበሩ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁና ቅጹን ሞላሁ። ጥላ ያለ ዋጋ አልቀረም ብዬ በራሴ ኮራሁ። አለቃዬ ሳይቀር አመሰገነኝ፣ በስንት ዓመቱ።

ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ተከፈለ። ዋርካው በሦስተኛው ተቆረጠ።

ኅዳር ላይ ጋሽ ገነነ ማረፋቸውን ሰምቼ፣ እያፈርኩም ቢሆን ለቅሶ ሄድኩ። ቀትር ነበር። ዋርካው የነበረበት አስፋልት ሆኗል፤ በካሳው የተገዛው አዲሱ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል፣ ውስጡ ያፍናል። እማማ ሸፊቃ አዩኝና ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«ዋጋ ባታገኝለት ኖሮ ይጠይቁን ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው።

ድንኳኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ ልክ በቅጹ እንደጻፍኩት ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። ከግማሽ በላዩ ወንበር ባዶ ነው። ሰዉ በልማድ ውጭ፣ ዋርካው በነበረበት በአስፋልቱ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።