ጋሽ ቸሩ ዛሬ አርፈዋል

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ሂባ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ምንም ስህተት የለበትም። ባለቤቱ አለ፣ ማሰሪያ አንቀጹ በቦታው ነው፣ አራት ነጥቡም አልተረሳም። ይህን የምለው ለልጅቷ አድልቼ አይደለም። በዚያ ዓረፍተ ነገር የሞትኩት እኔ ስለሆንኩ ደጋግሜ መርምሬዋለሁ።

ቸሩ እባላለሁ። ቢሮው ካዛንቺስ የሆነ የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አራሚ ነኝ፤ በዚያው ላይ «ፊደል ይከበር» የሚል አምድ አለኝ። ሰው «ሕፃናቶች» ሲል ደሜ ይፈላል። «ሕፃናት» ብሎ አብዝቶ ካበቃ በኋላ «ኦች» የሚጨምረው ለማን ብሎ ነው? ይህን ስጽፍ ኖሬ ሰኞ ዕለት ዋና አዘጋጁ ሔኖክ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሔኖክ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ክፉ ወሬ ሲይዝ ነው።

«ጋሽ ቸሩ፣ አይቀየሙኝና የዚህ ቅዳሜው አምድ የመጨረሻው ይሁን። ጋዜጣ የሚገዛ ሰው እንደሆነ የለም። ፔጃችን ላይ ስንለጥፈው ደግሞ ሁለት ላይክ ነው የሚያገኘው።»

«አንዱ የኔ ነው ጋሼ» አለች ሂባ ልታጽናናኝ። ሂባ የጋዜጣውን ፌስቡክና ቴሌግራም የምታንቀሳቅስ ልጅ ናት። ሁለተኛው የባለቤቴ የየሺሃረግ መሆኑን አልነገርኳቸውም። በእኔ ቦታ የሚገባው ስለ ፍቅር ምክር የሚሰጥ ቲክቶከር ነው አሉ። ፎቶውን አሳዩኝ፤ ገና ጢም እንኳ አላወጣም።

በንዴት ጥርሴን ሳፋጭ ሰንብቼ ሐሙስ ጠዋት መንጋጋዬ አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። ኡራኤል አካባቢ ያለ ሐኪም ነቀለልኝና አፌን በጥጥ ጠቅጥቆ፣ እስከ ነገ እንዳልናገር አስጠንቅቆ ወደ ቤት ሰደደኝ። ለሂባ «ጥርሴን ተነቅያለሁ፤ ዛሬ አርፋለሁ» የሚል መልእክት ላክሁ። ቃሉን የሰጠኋት እንግዲህ እኔው ነኝ።

ሂባ ሐሙስ ሐሙስ የአምዴን ቅንጫቢ ፔጁ ላይ ትለጥፋለች። ያን ቀን ጽሑፉ ስላልደረሳት ለሁለቱ አንባቢዎቼ፣ አንዷ ራሷ ብትሆንም፣ ምክንያቱን መግለጽ ነበረባት። ስለዚህ «የ‹ፊደል ይከበር› አምድ አዘጋጅ ጋሽ ቸሩ ዛሬ አርፈዋል።» ብላ ጻፈች። ፎቶ ሲጠፋት፣ ስቀጠር የተነሳሁትን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ከፋይል አውጥታ ከላይ አኖረችው።

ጥርሱን ተነቅሎ የተኛ ሰው አርፏል። ከዚህ ዓለም በሞት የተለየም አርፏል። ሕዝቡ ሁለተኛውን መረጠ።

መጀመሪያ የደወለው የድሮ ባልደረባዬ ደቻሳ ነው። «አልሞትኩም!» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ በጥጡ መሀል የወጣው ግን «አኦኡም!» የሚል ነው።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለኝ ደቻሳ እያለቀሰ። «አባትህ ትልቅ ሰው ነበር።»

ዘጋሁበት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ በየአቅጣጫው የተበተኑት የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን፣ ለዓውደ ዓመት እንኳ ያላየኋቸው ሰዎች፣ አሁን እያለቀሱ መጡ።

«አለ እኮ! ጓዳ ተኝቷል!» ትላለች የሺሃረግ በር ላይ ቆማ።

«አይዞሽ እናቴ» ይሏታል። «መጀመሪያ ላይ ማመን ይከብዳል።»

የእድራችን ሊቀ መንበር ደጉ ድንኳኑን በአይሱዙ አስጭኖ ደረሰና ማንንም ሳይጠይቅ ግቢው ውስጥ ምሰሶ ማቆም ጀመረ። የመዶሻው ድምፅ ለተነቀለ ጥርስ አይሆንም። በቃ፣ ራሴ ወጥቼ ልታይ ብዬ ተነሳሁ።

የአለባበሴን ነገር አላሰብኩበትም። ነጭ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። እብጠቱን እንዲይዝልኝ የሺሃረግ አገጬን በነጠላ ከአናቴ ጋር ጠፍራ አስራዋለች። አፌ በጥጥ ተሞልቷል። ሳሎን ብቅ ስል አንዲት ሴትዮ ጮኸው ሶፋው ላይ ወደቁ። ደጉ መዶሻውን ጥሎ አማተበ።

«አኦኡም!» አልኩ። ነገሩን አባባሰው።

በዚህ መሀል ሂባና ሔኖክ ከቢሮ እየሮጡ ደረሱ። ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳለች። «ጋሼ፣ ወላሂ እኔ፣ ማለቴ፣ እረፍት ላይ ናቸው ለማለት ነው እኮ!» ሔኖክ ግን ፊቱ በርቷል። ጎትቶ ጓዳ አስገባኝ።

«ሺዎች ሼር አድርገውታል! የድሮ አምዶችዎን አምጡ እያሉ ነው። ጋሽ ቸሩ፣ አምዱ አይቆምም፤ ‹ከጋሽ ቸሩ ማኅደር› ብለን በየሳምንቱ እንቀጥላለን። ብቻ፣ ማለቴ፣ ለጥቂት ጊዜ ሰው ባያይዎት።»

እውነቱን ልናገር፤ አሰብኩበት። በሕይወት ካለሁ አምዴ ይሞታል፤ ከሞትኩ አምዴ ይኖራል። አምዱን ደግሞ እወደዋለሁ።

«እኔ ጥቁር አልለብስም!» አለች የሺሃረግ ከበሩ ላይ። «ባሌ እዚህ ቁጭ ብሎ ሾርባ እየጠጣ እኔ ፀጉሬን ልላጭልህ ነው?»

ልክ ናት። ወረቀት አንስቼ «እርማት አውጡ!» ብዬ ጻፍኩ።

«እርማት የሚወጣው ለስህተት ነው» አለ ሔኖክ። «ስህተቱ የቱ ጋ ነው?»

የሂባን ስልክ ተቀብዬ ዓረፍተ ነገሩን አየሁት። ደግሜ አየሁት። ዕድሜ ልኬን የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን አንዲት እንኳ አጣሁ።

ተስፋ ቆርጬ ወደ አስተያየቶቹ ወረድኩ። «ነብስ ይማር።» «ነብስ ይማር ጋሼ።» «የአማርኛ ጠበቃ ነበሩ፤ ነብሳቸውን በገነት ያኑርልን።» ነብስ! ለእኔ! ሞቴን ችዬው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩም። ሂባ ድሮ የከፈተችልኝን፣ ስሜ እንኳ በቅጡ ያልተሞላበትን፣ ነክቼው የማላውቀውን አካውንት እንድታወጣልኝ በእጅ ምልክት አዘዝኳትና ከላይ ጀምሬ ወረድኩባቸው። «‹ነፍስ› በ‹ፍ› ነው።» ቀጣዩ። «በ‹ፍ› ነው ልጄ።» ቀጣዩ። «አንተ ደግሞ ብለህ ብለህ አስተማሪ ነኝ ትላለህ? በ‹ፍ›!»

ከዚያ አንዷ ጻፈች፦ «ቆይ፣ ለቅሶ ላይ ፊደል የሚያርመው ማነው?»

«እሳቸው ናቸው!» ብሎ መለሰላት ሌላው። «በቃ አልሞቱም! ሌላ ሰው ይሄን አያደርግም!»

ወሬው ከስልክ ወደ ድንኳኑ ተሻገረ። እልልታው ቀለጠ። እኚያ ሶፋ ላይ የወደቁት ሴትዮ ተነስተው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ያበጠውን ጉንጬን። ደጉ ብቻ ፊቱን አጥቁሮ ምሰሶውን መንቀል ጀመረ።

«ጉድ ሠሩን እኮ ጋሽ ቸሩ» አለኝ ሔኖክ። «በሕይወት ላለ ሰው ምን ማኅደር ይወጣል? እንግዲህ አምዱ ቅዳሜ ያበቃል።»

ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። መልስ ልጽፍለት ወረቀቱን ሳነሳ ሂባ ስልኩን አስጠጋችልኝ። አንድ ልጅ ከእርማቶቼ ሥር ጥያቄ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ የአባቴን ሐውልት ቀራጩ አሁን እየቀረጸ ነው። ‹ነብስ ይማር› ብዬ ነው የሰጠሁት። ስህተት ነው እንዴ?»

ስለዚህች ቃል አንድ ጊዜ ከግዕዝ ሥሯ ጀምሬ በሁለት ተከታታይ እትም ጽፌ ነበር። አንድም ሰው ምንም አላለኝም። አሁን ያ ሁሉ ትንታኔ ጣቴ ላይ መጣ። ልጀምርለት አልኩና የቀራጩ መሮ ታየኝ። «አስቁመው። በ‹ፍ› ነው» ብቻ ብዬ ላክሁ።

ሔኖክም፣ ሂባም፣ የሺሃረግም፣ እኔም አንዷ ስልክ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን።

መልሱ መጣ። «ተመስገን! ‹ነ› ላይ ነው የደረሰው።»