ሁለቱን ሽማግሌዎች ያሳሰርኩበት ቀን

እኔ ሰው ከሳሽ አይደለሁም። በስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ቀበሌ ሄጄ ሰው የከሰስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ልጆቼን ለማሳሰር ነው። ልጆቼ ስል የወለድኳቸው አይደሉም። ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍሌን የተከራዩ ሁለት ሰባኪዎች ናቸው።

ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራባት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸውን ጎረምሶች ቤተ ክርስቲያናቸው «ሽማግሌ» ብላ ትጠራቸዋለች። ጉድ እኮ ነው! ሽማግሌ ሃቪሊ ከቶንጋ የመጣ ግዙፍ ልጅ ነው፤ የቤቴን በር የሚያልፈው ጎኑን ሰጥቶ ነው። ሽማግሌ አግባያኒ ደግሞ የዚሁ የፊሊፒንስ ልጅ፣ ከሰሜን የመጣ፣ መነጽሩ የሚከብደው ቀጫጫ። ሐሙስ ሐሙስ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብለው ያስተምሩኛል። እኔ ኮኮናት እየፋቅሁ «እሺ፣ እሺ» እላቸዋለሁ። ካቶሊክ ተወልጃለሁ፣ ካቶሊክ እሞታለሁ፤ ይህን በደንብ ያውቃሉ። ቢሆንም አይቀሩም። ምግቤንም አይተዉም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሬዲዮው አውሎ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ እኛ ደሴት ላይ ይወጣል አለ። የእኛ የካታንዱዋኔስ ደሴት ሰው ነፋስን ብዙም አይፈራም። ነፋስ ቢበዛ ጣራህን ነው የሚወስደው። የሚያስፈራው ባሕሩ ሲነሳ ነው፤ ቤቱን ከነሰዉ ነው ጠራርጎ የሚሄደው። ባለቤቴ ዛካሪያስ በእንዲህ ያለ ቀን «ጀልባዋን አስሬ ልምጣ፣ ወዲያው ነኝ» ብሎኝ ወረደ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።

ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አዝሎ፣ ሩዙን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይወጣል። እኔም የድንግል ማርያምን ሥዕል በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ፎቅ ጮህኩ። መልስ የለም። ስወጣ ሁለቱም ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ናናይ ፌምያ፣ እኛ እዚሁ መጠበቅ አለብን» አለ አግባያኒ፤ ናናይ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። «ጠዋት ከአለቃችን መልእክት መጥቷል። መኪና ተልኮልናል፤ እስኪመጣ ከቤት አትውጡ ተብለናል።»

«ታዲያ ደውሉና እየወጣን ነው በሏቸዋ!»

«ኔትወርክ ጠፍቷል።»

«በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ!»

«በዚህ ነፋስ?» አለ ሃቪሊ። «ናናይ፣ ሾፌሩ መጥቶ ካጣን ሲፈልገን ይውላል። አንድ ነገር ቢሆንስ? እርስዎ ይሂዱ። እኛ ወዲያው እንከተልዎታለን።»

ወዲያው! ባሌም ይህችኑ ቃል ብሎኝ ነው የሄደው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ አለቃቸውንም ረገምኩ፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ። የሃቪሊን ክንድ ይዤ ጎተትኩ። ጎሽ ጎትታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ክፉ ልጆች ቢሆኑማ በቀለለኝ፤ የታዘዙትን የሚፈጽሙ፣ ለማያውቁት ሾፌር የሚያስቡ ልጆች ናቸው እንጂ። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ታደርጉታላችሁ?

ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለቅስ ነው ያለፈው ሐሙስ ትምህርት ትዝ ያለኝ። አልሰማም መስያቸው ነበር እንጂ እያንዳንዱን ቃል ነበር የምሰማው። ለመንግሥትና ለሹም መታዘዝ የእምነታችን ግዴታ ነው ብለው ነበር። እኔም ለማሾፍ «ዶሮቴዎንም ጭምር?» ስላቸው፣ አግባያኒ ኮስተር ብሎ «አዎ ናናይ፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩንም» አለኝ።

ጫማዬን ጥዬ በዝናቡ ውስጥ ኮረብታውን ሮጥኩ። ዶሮቴዎ አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ሕዝቡን እየጮኸ ሲያስገባ አገኘሁት።

«አበልጄ፣ ሁለቱን ሰባኪዎች እሰርልኝ!»

«ፌምያ፣ አብደሻል? ሰማይ ሊደፋብን ነው፣ አንቺ...»

«ዶሮዬን በልተውብኛል።»

«መቼ?»

«እሑድ።»

«ሰርቀው?»

«በልተዋል አልኩህ! ማን ሠርቶ እንዳቀረበላቸው ስትመረምር ትደርስበታለህ። አሁን ሄደህ አምጣቸው!»

አየኝ። ከዚያ ዞር ብሎ ባሕሩን አየ። ዶሮቴዎ ሞኝ አይደለም። የዝናብ ልብሱን ደርቦ፣ ሁለት ጠባቂዎችና አንዲት ዝገት የበላት ካቴና ይዞ ከእኔ ጋር ወረደ።

ስንደርስ ውኃው የመጀመሪያውን ደረጃ አልፏል። ዶሮቴዎ ደረቱን ነፍቶ ፊታቸው ቆመ።

«አንተ ትልቁ! የፌምያን ዶሮ በልተሃል አልበላህም?»

ሃቪሊ ግራ ገባው። «በልቻለሁ» አለ። «ሁለቴ አስጨምሬያለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ ክንፉን ብቻ» አለ አግባያኒ።

«አምነዋል። ታስራችኋል፤ ቅደሙ!»

ተያዩ። አግባያኒ መነጽሩን አስተካከለና ተነሳ። «ሽማግሌ ሃቪሊ፣ ከሹም ጋር አንከራከርም» አለ። ሃቪሊ ግን አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለ።

«ናናይ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ ነዎት ያቀረቡልን።»

«ለዳኛ ንገር!» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ዓይኔን እንዲያይብኝ አልፈለግኩም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበትና የወደድኩበት ጊዜ የለም።

እስር ቤቱ ሰካራም የምናሳድርባት አንዲት ክፍል ናት፤ ከጽሕፈት ቤቱ ሁሉ ጣራዋ ሲሚንቶ የሆነው እሷ ብቻ ናት። ዶሮቴዎ አዛውንቱንና ሕፃናቱን ሁሉ እዚያች አጨቀን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዳራሹ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሄደ። የእኛም በር መቀርቀሪያው ተሰበረ። ሃቪሊ ማንም ሳያዘው ጀርባውን በሩ ላይ ለጠፈ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። አግባያኒ ሁለት ሕፃናት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያዜምላቸዋል። መቁጠሪያዬ ከእጄ ሲወድቅብኝ ደግሞ አንስቶ ያዘልኝ። እሱ በመቁጠሪያ አይጸልይም። እኔ ስጸልይ ግን ዶቃውን አንድ በአንድ ወደ ጣቴ ያቀብለኝ ነበር።

ነፋሱ ሲበርድ ወጣን። ከታች ቤቴ የለም። ከፎቁም፣ ከሻንጣዎቹም፣ ከወጥ ቤቴም የተረፈ የለም፤ ሁለት የደረጃ እርከን ብቻ ቆሟል። ሃቪሊ ብዙ አየና ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ተነስ፣ ሱሪህን አጨቀየኸው!» ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መኪናው የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ዕለት ገና ከከተማ ሳይወጣ መንገዱን ናዳ ዘግቶበት ነበር። ሾፌሩ ሁለቱን ልጆች በሕይወት ሲያይ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከሬሳቸው ሌላ የማገኘው የለም ብሎ ነበር የመጣው። በሳተላይት የሚሠራ ስልክ ይዞ ስለነበር ሃቪሊ እናቱ ጋ ደወለ። ጥቂት አወራና ለእኔ ዘረጋልኝ።

«እናቴ ልታናግርዎት ትፈልጋለች። እኔ አስተረጉማለሁ።»

የተናደደች መሰለኝ። ብትናደድስ ምን ይፈረድባታል? «ልጅሽን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ በላት» አልኩት።

ነገራት። ከዚያ ድምጿ እየተቆራረጠ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች? ተቆጣች አይደል?»

ሃቪሊ አፍንጫውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። «‹ማዕበል በመጣ ቁጥር እሰሪልኝ› ትልዎታለች።»

«እሺ በላት» አልኩት። «እሺ እህቴ፣ አስርልሻለሁ በላት።» ሌላ ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ ግን እሷ እዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም እዚህ።